የወጣቶች ልብ ወለድ ኮርስ፦ ከመጀመሪያው ንባብ እስከ ተርም ፔፐር

በዚህ ኮርስ ዝቅተኛ ውጤት የሚያመጡት ሰነፎች ብቻ አይደሉም። ብዙዎቹ መጽሐፉን በደስታ አንብበው የጨረሱ፣ ታሪኩንም ከዳር እስከ ዳር የሚያውቁ ተማሪዎች ናቸው። የሚሰናከሉት ተርም ፔፐሩ ላይ ነው። የወጣቶች ልብ ወለድ ቋንቋው ስለማይከብድ ጥናቱም የማይከብድ ይመስላቸዋል፤ ብዕር ሲያነሡ ግን ትዝ የሚላቸው አንደኛ ደረጃ ሳሉ ከየምንባቡ ግርጌ ይጠየቁት የነበረው «ከታሪኩ ምን ተማራችሁ?» ብቻ ይሆናል። ለዚያ መልስ ጽፈው ያስረክባሉ። መምህሩም ኅዳጉ ላይ «ታሪኩን አውቀዋለሁ፤ ትንታኔው የት አለ?» ብሎ ይመልስላቸዋል።

የሚከተለው ቅደም ተከተል ለአንድ ልብ ወለድ እና ከ5 እስከ 8 ገጽ ለሚሆን ወረቀት ነው። ለማሳያ በብዛት የምጠቀመው እንግሊዛዊው ገጣሚ ቤንጃሚን ዜፋናያ እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተመውን «ሬፊዩጂ ቦይ» ነው። ባለታሪኩ ዓለም 14 ዓመቱ ነው፤ አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት ናቸው። በሁለቱ አገሮች ጦርነት ቤተሰቡ ከሁለቱም ወገን ሲሳደድ አባቱ በሽርሽር ስም እንግሊዝ አገር ወስዶት፣ ሆቴል ውስጥ ደብዳቤ ብቻ ትቶለት ይመለሳል። ለእኛ እንዲህ የቀረበ መጽሐፍ የራሱ ወጥመድ አለው፤ ደረጃ 5 ላይ እንደርስበታለን።

ከመጀመራችሁ በፊት

የሚያስፈልጋችሁ ጥቂት ነው፦ መጽሐፉ፣ እርሳስ፣ አንድ ደብተር እና ሦስት ሳምንት። የመጀመሪያውን ሳምንት ለሁለት ንባብ፣ ሁለተኛውን መከራከሪያ ነጥብ ለማውጣትና ሐያስያንን ለማንበብ፣ ሦስተኛውን ለመጻፍ መድቡ።

መጽሐፉን ስትገዙ ወይም ስትዋሱ ኮርስ አውትላይኑ ላይ የተጠቀሰውን እትም ፈልጉ። ሌላ እትም ብቻ ካገኛችሁ የገጽ ቁጥሩ እንደሚለያይ አስቡ፤ ከእያንዳንዱ ማስታወሻ ጎን ምዕራፉንም ጻፉ። በስልክ ወይም በታብሌት የምታነቡ ከሆነ ጉዳዩ ይብሳል፤ የፊደሉን መጠን ስትቀይሩ ገጹ አብሮ ይቀየራልና ያለ ምዕራፍ ቁጥር ምንም አትመዝግቡ። በማስረከቢያው ዋዜማ አንድ ጥቅስ ፍለጋ ሌሊቱን የሚያነጉ ተማሪዎች ሁልጊዜ ይህችን ነገር የናቁ ናቸው።

1. ኮርሱ የየትኛው ትምህርት ክፍል እንደሆነ ለዩ

የወጣቶች ሥነ ጽሑፍ ኮርስ ቢያንስ በሦስት ዓይነት ትምህርት ክፍሎች ይሰጣል፤ የሚጠብቁትም የተለያየ ነው። የሥነ ጽሑፍ ክፍል ድርሰቱ እንዴት እንደተሠራ እንድታሳዩ ይፈልጋል። የመምህራን ትምህርት ክፍል መጽሐፉን ለምሳሌ 9ኛ ክፍል ገብታችሁ እንዴት እንደምታስተምሩት ይጠይቃል። የቤተ መጻሕፍት ሳይንስ ክፍል ደግሞ መጽሐፉ ለየትኛው አንባቢ እንደሚመረጥ፣ ወላጅ ተቃውሞ ቢያነሣ ምን መልስ እንደሚሰጥ ማወቅ ይሻል።

ኮርስ አውትላይኑን አውጡና የጥያቄውን ግሦች አስምሩባቸው። «ተንትኑ» ከሆነ አንድ መጽሐፍ በጥልቀት፤ «አወዳድሩ» ከሆነ ሁለት መጻሕፍት በአንድ መመዘኛ፤ «አቅዱ» ከሆነ የትምህርት ዕቅድ ነው የሚፈለገው።

ጥያቄው ግልጽ ካልሆነ፦ መምህሩን «ምን ይፈልጋሉ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሁለት አማራጭ ይዛችሁ ሂዱ፦ «ትኩረቴን ተራኪው ላይ ላድርግ ወይስ መጽሐፉ ለክፍል በሚመረጥበት መንገድ ላይ?» ለእንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ የሚነፍግ መምህር እምብዛም የለም።

2. «ወጣት» የሚለውን ቃል አጥሩት

እዚህ ላይ አማርኛችን ያሳስተናል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። በአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር ሥር ያለው የወጣቶች አገልግሎት ክፍል ደግሞ ከ12 እስከ 18 ዓመት ያለውን ይወስዳል። ኮርሱ የሚናገረው በአብዛኛው ስለ ሁለተኛው ነው፤ ስለዚህ ወረቀታችሁ ውስጥ የ25 ዓመት ሰው ይዛችሁ እንዳትገቡ።

ቀጥሎ ሦስት ነገሮችን ለዩ። ባለታሪኩ ልጅ ስለሆነ ብቻ መጽሐፉ የወጣቶች ሥነ ጽሑፍ አይሆንም፤ ስለ ልጅነት ለትልልቅ ሰዎች የተጻፈ ልብ ወለድ ሞልቷል። የደራሲው ዕድሜም መለያ አይደለም። «ዘ አውትሳይደርስ» እ.ኤ.አ. በ1967 ሲታተም ደራሲዋ ኤስ. ኢ. ሂንተን ገና የ18 ዓመት ወጣት ነበረች፤ እንዲህ ያለው ግን እጅግ ጥቂት ነው። በሦስተኛ ደረጃ፣ የወጣቶች ሥነ ጽሑፍ እንደ ወንጀል ወይም እንደ ፍቅር ልብ ወለድ ያለ አንድ ዘውግ አይደለም፤ ዘውጎቹ ሁሉ በውስጡ አሉ። ወረቀቱ ላይ «የወጣቶች ዘውግ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ገና ከመግቢያው ነጥብ ይጥላል።

ዋናው ጉዳይ ይህ ነው፦ ለወጣት አንባቢ የሚጽፈው ብዙውን ጊዜ ትልቅ ሰው ነው፤ የሚያሳትመው ትልቅ ሰው ነው፤ መርጦ የሚገዛውም እንዲሁ። በዚህ ሁሉ መካከል የልጅ ድምፅ እንዴት እንደሚፈጠር መጠየቅ የኮርሱ እምብርት ነው። ደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት።

3. የመጀመሪያውን ንባብ ያለ እርሳስ ጨርሱ

እርሳሱን አስቀምጡት። መጽሐፉን ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ከፍላችሁ እንደ ማንኛውም አንባቢ አንብቡ። የሥነ ጽሑፍ ምሁሯ ሉዊዝ ሮዘንብላት እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመችው መጽሐፍ ሁለት የአነባበብ ዝንባሌዎችን ለይታለች። ልጇ መርዝ የጠጣባት እናት የብልቃጡን ጽሑፍ ስታነብ የምትሻው መረጃውን ብቻ ነው፤ ግጥም የሚያነብ ሰው ግን በንባቡ ሰዓት የሚሰማውን እየኖረ ያነባል። ተርም ፔፐር የሚጽፍ ተማሪ ልብ ወለዱን እንደ ብልቃጡ ጽሑፍ ሲያነብ የሚያገኘውም ያንኑ ነው፤ ጥቂት መረጃ።

እንደጨረሳችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ግማሽ ገጽ ጻፉ፦ የት ላይ ቸኮላችሁ? የት ላይ ሰለቻችሁ? በደራሲው የተናደዳችሁት የት ላይ ነው? ይህ ግማሽ ገጽ ወረቀቱ ውስጥ አይገባም። ሆኖም የሰለቻችሁ ወይም ያናደዳችሁ ቦታ ብዙውን ጊዜ ደራሲው አንድ ነገር ያደረገበት ቦታ ነው፤ ስትመለሱ እርሱን ትፈልጉታላችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከንባቡ በፊት ከኢንተርኔት ማጠቃለያ አታንብቡ። አንብባችሁ ከሆነ ማጠቃለያው ያለውን በሦስት መስመር ጻፉና መጽሐፉ ከዚያ የሚለይበትን እያንዳንዱን ቦታ መዝግቡ። ጉዳቱ ወደ ጥቅም የሚዞርበት መንገድ ይህ ብቻ ነው።

4. ሁለተኛውን ንባብ በአምስት ጥያቄ አንብቡ

አሁን እርሳሱን አንሡ። ሁሉንም ነገር አታስምሩ፤ ገጹ ሁሉ ከተሰመረበት ምንም አልተሰመረበትም። የምትፈልጉት የሚከተሉትን ብቻ ነው።

ሀ) የሚተርከው ማን ነው? በሚተርክበት ጊዜ ስንት ዓመቱ ነው? ከክስተቱ ምን ያህል ርቋል?
ለ) መጽሐፉ በምን ቅርጽ ተሠርቷል?
ሐ) ባለታሪኩ የማያውቀውን አንባቢው የሚያውቀው የት ላይ ነው?
መ) ወላጅ፣ መምህር፣ ፖሊስና ዳኛ በባለታሪኩ ላይ ምን ሥልጣን አላቸው? ሥልጣናቸውን የሚጠቀሙበት ወይም የሚሸሹት መቼ ነው?
ሠ) ሳይነገር የቀረው ምንድን ነው?

አማርኛ ሥነ ጽሑፍ ስንማር «አንጻር» እንል የነበረው «ሀ» ላይ ያለው ነው። «አንደኛ መደብ» ወይም «ሦስተኛ መደብ» ብላችሁ ጽፋችሁ አትለፉ፤ የዕድሜውና የጊዜው ርቀት ካልተጠየቀ መደቡ ብቻውን ምንም አይናገርም። ከትናንት ወዲያ የደረሰበትን የሚተርክ የ15 ዓመት ልጅና ያንኑ ነገር በ40 ዓመቱ የሚያስታውስ ሰው ሁለቱም «እኔ» ይላሉ። አንባቢው የሚያገኘው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው።

«ለ» ላይ ቆዩ፤ የወጣቶች ልብ ወለድ ሀብቱ ያለው እዚህ ነው። የዋልተር ዲን ማየርስ «ሞንስተር» በግድያ ወንጀል ተከስሶ ፍርድ ቤት የቀረበ የ16 ዓመት ልጅ ታሪክ ነው። ልጁ የገዛ ችሎቱን እንደ ፊልም ጽሑፍ አድርጎ ይጽፈዋል፤ በመካከሉም የማስታወሻ ደብተሩ ገጾች ይገባሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠውን ፕሪንትዝ የተባለውን የአሜሪካ የወጣቶች መጻሕፍት ሽልማት ያገኘው ይህ መጽሐፍ ነው። ለምን የፊልም ጽሑፍ? ልጁ ራሱን ከውጭ፣ በካሜራ ዓይን ማየት የፈለገው ለምንድን ነው? ካሜራው ያላሳየውስ? ከቅርጹ የተነሣ ተማሪ ሦስት ገጽ ሳያስበው ይጽፋል። የሎሪ ሃልስ አንደርሰን «ስፒክ» ደግሞ እንደ ትምህርት ዘመኑ በአራት የማርክ መስጫ ወቅቶች ተከፍሏል፤ ተደፍራ መናገር ያቃታት ልጅ ዝምታ በትምህርት ቤቱ የውጤት ካርድ ሰዓት ይለካል።

«ሬፊዩጂ ቦይ» የሚጀምረው በሁለት አጫጭር ትዕይንቶች ነው፤ አንዱ «ኢትዮጵያ»፣ ሌላው «ኤርትራ» የሚል ርእስ አለው። በሁለቱም ወታደሮች በሩን ሰብረው ይገባሉ፤ በሁለቱም ቤተሰቡን ያዋርዳሉ፤ በሁለቱም ውጡ ወይም ትሞታላችሁ ይላሉ። ቃላቱ ሳይቀሩ ተመሳሳይ ናቸው ማለት ይቻላል። ቸኩሎ ያነበበ ሰው ሁለተኛውን ዘልሎ ያልፈዋል። ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አስቀምጡና የተቀየረውን እያንዳንዱን ቃል አክብቡ፤ ወረቀታችሁ እዚያ ክብ ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

የአምስቱ ጥያቄ መልስ ባዶ ከሆነባችሁ፦ መጽሐፉን እንደ አዲስ አትጀምሩ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ፣ የመጨረሻውን ምዕራፍ እና ደረጃ 3 ላይ ያናደዳችሁን ቦታ ብቻ መልሳችሁ አንብቡ።

5. ርእሰ ጉዳዩን ወደ መከራከሪያ ነጥብ ቀይሩ

ብዙው ወረቀት የሚበላሸው እዚህ ስለሆነ ቀስ በሉ። ሦስት ዓረፍተ ነገሮች እዩ።

«ይህ መጽሐፍ ስለ ስደት ነው።» ይህ ርእሰ ጉዳይ ነው። የሚቃወመው ሰው የለም፤ የሚቃወመው ሰው ከሌለ የሚጻፍ ነገርም የለም።

«መጽሐፉ ጦርነት ክፉ መሆኑንና ስደተኞችን መርዳት እንዳለብን ያስተምራል።» ይህ ምክር ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን መጽሐፉን ሳያነቡም ሊጻፍ ይችላል።

«ደራሲው የመክፈቻውን ትዕይንት ቃላቱን ብዙም ሳይቀይር ሁለት ጊዜ በመተረክ፣ ወጣቱ አንባቢ ‹በደለኛው የትኛው ወገን ነው?› ብሎ ከመጠየቁ በፊት ጥያቄውን ይዘጋበታል።» ይህ መከራከሪያ ነጥብ ነው። ማስረጃው ገጽ ላይ አለ። የሚቃወመውም ሰው አለ፤ ሁለቱን ወገኖች ማመሳሰል ፍትሐዊነት ነው ወይስ ከአስቸጋሪው ታሪክ መሸሽ? እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። የ14 ዓመት አንባቢ ጦርነቱ በምን እንደተነሣ ማወቅ የማይችል ሆኖ የታየው ለማን ነው? በዚህ ላይ ከእኔ ጋር መከራከር ትችላላችሁ፤ መከራከር መቻላችሁ ራሱ ነጥቡ የሚሠራ መሆኑን ያሳያል።

የራሳችሁን ነጥብ በዚህ ቅርጽ ሞክሩት፦ «ደራሲው እንዲህ በማድረግ፣ አንባቢውን እንዲህ ያደርገዋል።» የመጀመሪያው «እንዲህ» ቅርጽን፣ ሁለተኛው ውጤትን መያዝ አለበት። መጀመሪያ በአማርኛ ጻፉት። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ የሚያምር፣ በአማርኛ ሲነገር ግን ምንም የማይል ዓረፍተ ነገር ብዙ ነው፤ ያኔ ያልገባችሁ ነገር እንዳለ ታውቃላችሁ።

የቅርበት ወጥመድ

ተማሪ ሳለሁ ስለዚሁ መጽሐፍ ሰባት ገጽ ጻፍኩ። አራቱ ገጽ ስለ ባድመ ጦርነት ነበር፦ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1998 እንዴት እንደተጀመረ፣ በታኅሣሥ 2000 አልጀርስ ላይ ምን እንደተፈረመ። ከክፍሉ ሁሉ እኔ ብቻ የማውቀው ነገር ስለነበር ኩራት ተሰማኝ። መምህሬ አራቱን ገጽ በአንድ ሰያፍ መስመር ሰርዛ «መጽሐፉስ?» ብላ መለሰችልኝ።

አገሩን ማወቅ ጥቅም የሚሰጠው ለአንድ ገጽ ብርሃን ሲሆን ብቻ ነው። ለምሳሌ የልጁን ስም እንግሊዛዊ አንባቢ እንደ ድምፅ ብቻ ይሰማዋል፤ አማርኛ አንባቢ ግን ቤትም አገርም ያጣው ልጅ «ዓለም» ተብሎ ሲጠራ በየገጹ ትርጉሙን ይሰማል። ይህ ማስረጃ ነው። ስለዚህ ስለ ኢትዮጵያ የምታውቁትን ነገር ልትጽፉ ስትሉ «የትኛውን ዓረፍተ ነገር ያበራልኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። የገጽ ቁጥር ካልመጣላችሁ አውጡት።

6. ሐያስያንን ፈልጉ፤ ከሁለት ወይም ከሦስት አይብለጡ

ነጥባችሁን ከያዛችሁ በኋላ ፈልጉ፤ ቀድማችሁ ከፈለጋችሁ የሌላ ሰው ነጥብ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ሁለት መነሻዎች ብዙ ቦታ ይሠራሉ። ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ እ.ኤ.አ. በ1990 መጻሕፍት ለልጅ አንባቢ መስታወት፣ መስኮት እና ተንሸራታች የመስታወት በር ሊሆኑ እንደሚችሉ ጽፋለች፤ ራሱን የሚያይበት፣ ሌላውን የሚያይበት፣ ተሻግሮ የሚገባበት። ሮበርታ ትራይትስ በ2000 ባሳተመችው «ዲስተርቢንግ ዘ ዩኒቨርስ» ደግሞ የወጣቶች ልብ ወለድ ዋና ጉዳይ ሥልጣን መሆኑን ትከራከራለች፤ ወጣቱ ከቤተሰብ፣ ከትምህርት ቤት፣ ከመንግሥትና ከሃይማኖት ተቋማት ጋር መደራደርን የሚማርበት። ጥያቄ «መ» የመጣው ከዚህ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የቢሾፕን መስታወትና መስኮት ሁሉም ተማሪ ይጠቅሰዋል። መጥቀስ ብቻ ነጥብ አያስገኝም፤ ሐሳቡ የማይመጥንበትን ቦታ አሳዩ። ለአዲስ አበባ ልጅ «ሬፊዩጂ ቦይ» መስታወት ነው? ግማሹ ነው። የቀረው ግማሽ ልጁ ጥገኝነት ስለሚጠይቅበት የእንግሊዝ ችሎት ነው።

ምንጩ ካልተገኘ፦ የዩኒቨርሲቲያችሁን የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ አነጋግሩ፤ ከሌላ ቤተ መጻሕፍት መዋስ የተለመደ ነው። «ዘ አላን ሪቪው» የተባለው የዘርፉ መጽሔት የቆዩ እትሞች በኢንተርኔት በነጻ ይነበባሉ። የአንባቢዎች የኮከብ ደረጃና አስተያየት ግን ሂስ አይደለም። ኮምፒውተር ያቀናበረላችሁን ጥቅስም መጽሐፉን ገልጣችሁ በዓይናችሁ ካላያችሁ አትጠቀሙበት፤ የሌለ ጥቅስ ከነገጹ ፈጥሮ ይሰጣልና።

7. ጻፉ

መግቢያውን በመጨረሻ ጻፉት። ከመካከለኛው አንቀጽ ጀምሩ፤ በዚህ ቅደም ተከተል፦ የምትሉት ነገር፣ ጥቅሱ፣ በጥቅሱ ውስጥ ያለ አንድ ቃል ወይም አሰካክ፣ ያ ቃል በአንባቢው ላይ የሚያደርገው ነገር። ጥቅስ አስገብታችሁ ወደሚቀጥለው አንቀጽ አትዝለሉ። ሁለት መስመር ከጠቀሳችሁ ቢያንስ አራት መስመር ስለ እርሱ ጻፉ።

በእንግሊዝኛ ስትጽፉ ስለ ድርሰቱ በአሁን ጊዜ ግሥ ተናገሩ። አማርኛችን ታሪክን በኃላፊ ስለሚተርክ ሳናውቀው ወደ «ሄደ፣ መጣ» እንገባለን፤ «ሄደ፣ መጣ» ከበዛ ደግሞ ታሪክ መናገር ጀምራችኋል ማለት ነው።

ረቂቁ ካለቀ በኋላ ይህን ፈትሹ። የእያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ባለቤት አስምሩ። ባለቤቱ «ዓለም»፣ «አባቱ»፣ «ፖሊሱ» እየሆነ ከሄደ ታሪኩን እየደገማችሁ ነው። «ተራኪው»፣ «ትዕይንቱ»፣ «ድግግሞሹ»፣ «አንባቢው» ከሆነ እየተነተናችሁ ነው። ከግማሽ በላይ የመጀመሪያው ዓይነት ከሆነ አንቀጹን ከነጥቅሱ አስቀምጡና ዙሪያውን እንደገና ጻፉ።

8. የክፍል ውይይቱን አትተዉት

ብዙ ኮርስ ለተሳትፎ ነጥብ አለው፤ እኛ ደግሞ መምህር ፊት ዝም ማለትን እንደ ጨዋነት ተምረናል። ከእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ በፊት አንድ የገጽ ቁጥርና አንድ ጥያቄ በወረቀት ይዛችሁ ግቡ፤ በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ውስጥም ተናገሩ። ከዘገያችሁ ሌላ ሰው ይናገረዋል።

አንዳንዶቹ መጻሕፍት ስለ መደፈር፣ ራስን ስለ ማጥፋት፣ ስለ ጦርነት ናቸው። የራሳችሁን ቁስል የሚነካ ከሆነ ንባቡ ሳምንት ሲቀረው ለመምህሩ በአጭሩ ጻፉ፤ ዝርዝር መናገር አይጠበቅባችሁም። ሌላ መጽሐፍ እንዲሰጣችሁ ወይም ሐሳባችሁን በጽሑፍ እንድታቀርቡ መጠየቅ ትችላላችሁ።

9. ነገር ሲበላሽ

ጊዜ ካጠረ፦ አምስት ቀን ብቻ ከቀራችሁ ሁለተኛውን ንባብ አትተዉ፤ ከሐያስያኑ አንዱን ተዉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ንባቡን የዘለለ ተማሪ ሲጽፍ እየተመለሰ ያንኑ ሰዓት ይከፍላል።

ነጥባችሁ ከሐያሲው ጋር አንድ ሆኖ ከተገኘ፦ አትደንግጡ፤ አትደብቁትም። ስሙን ጠቅሳችሁ እርሱ ያላየውን አንድ ትዕይንት ጨምሩ ወይም የእርሱ ሐሳብ የማይሠራበትን ቦታ አሳዩ።

ወረቀቱ ከገጽ ገደቡ ካለፈ፦ ፊደሉን አታሳንሱ። የደራሲውን ሕይወት የሚተርከውን አንቀጽ አውጡ፤ ሁልጊዜ አለ፣ ሁልጊዜም አያስፈልግም።

ገጹ ካልሞላ፦ ታሪኩን አትድገሙ። የሚቃወማችሁን አንባቢ አስገቡና መልሱለት፤ አንድ ገጽ ይሞላል።

መጽሐፉን ካልወደዳችሁት፦ ስሜታችሁን ሸፍናችሁ አታወድሱት። ያልወደዳችሁትን ትዕይንት ምረጡና ደራሲው ምን ሊያደርግ አስቦ እንዳልተሳካለት ከነገጹ አሳዩ። ካነበብኳቸው ረቂቆች በጣም የማረኩኝ ሁለቱ እንዲህ የተጻፉ ነበሩ።

ከማስረከባችሁ በፊት በነበረው ሌሊት ወረቀቱን ድምፅ እያሰማችሁ አንብቡት፤ እያንዳንዱን ጥቅስ ከመጽሐፉ ጋር አመሳክሩ፤ የደራሲውን ስም የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ከሽፋኑ ላይ ቅዱ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ዝጉና ተኙ፤ ጠዋት አንድ ጊዜ ብቻ አይታችሁ ላኩት።